ክረምት ሲገባ ማሲንቆ ለምን ይሰቀላል? ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ እና ለከተማችን የምግብ ቤት ባለቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ በክረምት ወራት ለከተማችን የሙዚቃና የኪነ ጥበብ ሰዎች ጣሪያ ያለው መድረክና አስቀድሞ የተቆረጠ ክፍያ እንዲኖር ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

እኔ ሰኞ ገበያ አካባቢ አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍቼ ስሠራ 19ኛ ዓመቴን የያዝኩ የደሴ ነዋሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ይዤ ወደ ቢሮ ከመምጣት ይልቅ በግልጽ መጻፍን የመረጥኩት፣ ጉዳዩ የአንድ መምሪያ ብቻ ሳይሆን ጠረጴዛ ዘርግቶ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ የምንጠየቅበት ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

በከተማችን ክረምት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሐምሌ ከገባ ጦሳ ለቀናት ከጉም አይወጣም፣ ቦርከና ይሞላል፣ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሾፌሮች መብራት አብርተው በቀስታ ይወጡታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗም ብርዱ ገና በጊዜ ሰውን ወደ ቤቱ ይሰበስበዋል። ለሌላው ሰው ይህ የወቅት ጉዳይ ብቻ ነው፤ ለማሲንቆ ተጫዋቹ፣ ለድምፃዊቷና ለከበሮ መቺው ግን የእንጀራ ጉዳይ ነው። እነዚህ ሰዎች የዓመት ገቢያቸውን የሚያገኙት በዋናነት ከሠርግ ጥሪ ነው፤ ሠርጉ ደግሞ በጥር፣ ከፋሲካ በኋላም በሚያዝያና በግንቦት ይበዛና ዝናቡ ሲገባ ይቆማል። ከዚያ እስከ መስከረም ድረስ ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ባለቤቱም ወይ የቀን ሥራ ይፈልጋል፣ ወይ ከዘመድ ይበደራል።

የሚያሳዝነው ሰው በከተማዋ የሚበዛው በዚሁ ጊዜ መሆኑ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የተበተኑ ልጆቻችን ይመለሳሉ፤ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ዕረፍታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ወደ ሰቆጣ ሻደይ፣ ወደ ላሊበላ አሸንድዬ፣ ወደ ቆቦ ሶለል በወልዲያ በኩል የሚጓዘው እንግዳ ደሴ ያድራል፤ ክረምቱ ሲወጣም መስከረም 21 ለሚከበረው የግሸን ማርያም በዓል የሚሄደው ምእመን በከተማችን ያልፋል። እነዚህ እንግዶች ቤቴ እራት እየበሉ «ማታ የወሎን ጨዋታ የት እንሰማለን?» ብለው ይጠይቁኛል። የአምባሰልና የባቲ አገር ሰው ሆኜ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ማጣቴ ያሳፍረኛል።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ ውስጥ በአንድ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ መንገዱን ሞልቶ ሲወርድ ቤቴ ውስጥ የነበሩት ደንበኞች አራት ብቻ ነበሩ። ዕድሜያቸው 60ን ያለፈ፣ እኛ ሰፈር ትንሽ ትልቁ «ጋሼ» የሚላቸው ማሲንቆ ተጫዋች መሣሪያቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ በካፖርታቸው ውስጥ አቅፈው ገቡ። እሳቸው ከራስ እስከ እግራቸው ርሰዋል፤ ማሲንቆው ግን ደረቅ ነበር። «አብሽሪ እታለም፣ እኔስ እደርቃለሁ፤ እሱ ነው እንዳይርስ» አሉኝና ቡና ከሚፈላበት ማንደጃ አጠገብ በርጩማ ስበው ተቀመጡ። ክረምት የማሲንቆ ጠላት ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ቆዳው ይላላል፣ ቆዳው ሲላላም ድምፁ ይታፈናል። ጋሼ መሣሪያውን ከፍሙ አንድ ክንድ ያህል አርቀው እያገላበጡ አሞቁት፤ በየመሃሉም ቆዳውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ ጆሯቸውን አስጠግተው ያዳምጡታል። የታፈነው ድምፅ እየጠራ ሲመጣ የጭራውን ክር ወጠሩ፣ ደጋኑን ከኪሳቸው ባወጡት ዕጣን አሸት አሸት አደረጉት፤ ከዚያ በኋላ አምባሰል ጀመሩ።

በረንዳዬ ላይ ዝናብ የተጠለሉት ሰዎች መጀመሪያ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ፣ ቀጥለውም ገብተው ተቀመጡ። ሽሮ ያዘዘ አለ፣ ቡና ብቻ ያዘዘም አለ። በለስ ሸጠው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የነበሩ አንዲት አሮጊት ባዶ ቅርጫታቸውን በሩ ሥር አኑረው ገቡና «አንቺ ሆዬንስ አይጫወቷትም?» ብለው ጠየቁ፤ ጋሼም ቅኝቱን ለወጡላቸው። እናታችን ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው እስኪያልቅ አዳመጡ፤ ከመቀነታቸው 20 ብር ፈትተው ሰጡና አመስግነው ወጡ። ያን ዕለት ለማግስቱ ያደረ እንጀራ አልነበረኝም። ጋሼ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ተጫውተው በሽልማት ያገኙት ገንዘብ 300 ብር አልሞላም። እኔም ምሳ ከማብላት በቀር የከፈልኳቸው ነገር አልነበረም። ማታ ሒሳቤን ስዘጋ ከሌላው ቅዳሜ እጥፍ መሸጤን አየሁ፤ እጥፉ የመጣው በእሳቸው ድካም መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስጠርቼ ከፈልኳቸው፤ ሆኖም ሳይጠይቁኝና ሳልነግራቸው የተደረገ ክፍያ ምጽዋት እንጂ ደመወዝ እንደማይሆን ከፊታቸው አነበብኩ።

የምጠይቀው ይኸው ነው፤ በከተማችን ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ከመጫወቱ በፊት የሚያገኘውን ይወቅ፣ በክረምትም የሚጫወትበት ጣሪያ ይኑረው።

ስለ ክፍያው ያየሁትን ልጨምር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ የማልፈልገው አንድ አካል እንግዶችን ለመቀበል ዝግጅት አሰናድቶ ነበር፤ የምግቡን ድርሻ የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ሰባት የባህል ሙዚቃ ተጫዋቾችም ከእኛ ሰፈር ተጠርተው ነበር። የድምፅ ማጉያው ኪራይና የባነሩ ዋጋ ወዲያው ተከፈለ፤ የእኔም ሒሳብ በሳምንቱ ተከፈለኝ። የሰባቱ ተጫዋቾች ገንዘብ ግን «ሰነድ አልተሟላም» ተብሎ አራት ወር ቆየ፤ የመጣውም ተቀንሶ ነው። ልዩነቱ ከክፋት የመጣ አይመስለኝም፤ እኔ ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ አለኝ፣ እነሱ የላቸውም። ማሲንቆ ተጫዋች ደረሰኝ ከየት ያመጣል? ድምፃዊቷ የምትቆርጠው የትኛውን ካርኒ ነው? የሒሳብ ሠራተኛው ያለ ሰነድ አልከፍልም ማለቱ ሥራው ነው፤ ስለዚህ ሰነዱ ከመጀመሪያው ለእነዚህ ሰዎች በሚሆን መንገድ መዘጋጀት አለበት። መምሪያው በከተማዋ ያሉትን ተጫዋቾች፣ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች መዝግቦ፣ አንድ ገጽ የማይሞላ የውል ቅጽ ቢያዘጋጅ፣ የሚጫወቱበት ሰዓት፣ የክፍያው መጠንና የሚከፈልበት ቀን በላዩ ላይ ሰፍሮ ከሁለቱም ወገን ቢፈረምበት፣ ጠሪው መሥሪያ ቤትም ይሁን ሆቴል ይህን ውል እንደ ሰነድ ተቀብሎ የሚከፍልበት አሠራር ቢኖር፣ የችግሩ ግማሽ በዚሁ ይቃለል ነበር። ይህ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ስለ ጣሪያው ደግሞ፣ ደሴ አዳራሽ የቸገራት ከተማ እንዳልሆነች እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቃላችሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ ስሙ ራሱ ገበታን የሚያስታውስ ነው፤ የግብር አዳራሽ ሆኖ፣ ማንም ማንን ሳይጠየፍ የሚታደምበት እንዲሆን የተሰየመ ቤት ነው። ግብር ባለበት ደግሞ አዝማሪ እንደነበረ ማንም ያውቃል። እንደዚያ ያለውን ቅርስ በየሳምንቱ ለሕዝብ ክፈቱ ለማለት አልደፍርም፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም የደረሰበትን ዘረፋ ያየ ሰው ስለ ቅርስ ሲያስብ መጠንቀቁ ግድ ነው። ነገር ግን የቅርስ ባለሙያዎች ፈቅደው በክረምቱ መውጫ አንድ ቀን እንኳ በግቢው ውስጥ የወሎ ምግብና የወሎ ሙዚቃ ቢገናኙ ቦታውን ከስሙ ጋር ማስታረቅ ነው። ለየሳምንቱ ግን ከስብሰባ ውጭ ተዘግተው ከሚውሉት የከተማዋ አዳራሾች አንዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆን ይበቃል። ሰዓቱን ቀን ያደረግሁት ሆን ብዬ ነው፤ ሴቶችና ልጆች፣ ሰፈራቸው ሩቅ የሆኑትም ሳይመሽባቸው ወደ ቤታቸው ይገቡበታል።

ወደ ገበታው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ከልምዴ የምናገረው አለኝ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብሮ ሲታደም የሥጋው ነገር ሁልጊዜ እንደሚታሰብበት ታውቃላችሁ። ሠርግ ላይ ሁለት ድንኳን ባይተከል እንኳ ሁለት ድስት ይጣዳል፣ አራጁም ሁለት ይሆናል፤ ይህ መከባበራችን ነውና አልነቅፈውም። ለሕዝብ መድረክ ግን ወጪና ግርግር ያበዛል። የጾም ምግብ ያን ችግር ያቃልለዋል። ከማሽላና ከጤፍ እንጀራ ጋር ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንችና ስልጆ የያዘ በየዓይነቱ በአንድ ትሪ ሲቀርብ ሼኩም ቄሱም ዙሪያውን ሊቀመጡ ይችላሉ። ለመጠጥ ቀሪቦና ብርዝ አለ፤ ከዚያም ቡና በሦስቱም ዙር፣ ከነቆሎውና ከነንፍሮው። ቤቴ ውስጥ በጾም ወራት ያየሁት ይህንን ነው፤ ሌላ ጊዜ በተለያየ ጠረጴዛ የሚቀመጡ ጓደኛሞች በጾም ወር ከአንድ ትሪ ይቆርሳሉ። ስለዚህ የክረምቱ መድረክ ምግብ ከጾም ምግብ እንዲሆን፣ መጠጡም አልኮል የሌለበት እንዲሆን እመክራለሁ። በልቼ ወጣሁ የሚል ሳይሆን ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰውም ይበዛል።

ከጾም ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ያለው የፍልሰታ ጾም ዘፈን የማይወደድበት ጊዜ ነውና በእነዚያ ሳምንታት ጭፈራ ይዘጋጅ ብዬ አልጠይቅም። ያን ጊዜ ለበገና፣ ለግጥም ንባብና ለሥዕል ይሁን። የነሐሴ 13 ቡሄ በመካከሉ ስለሚመጣም የልጆቹ ሆያ ሆዬ ሙልሙል ዳቦው ተዘጋጅቶለት በአዳራሹ ቢሰማ ልጆቻችን ዝናብ ላይ ሲዞሩ ከማምሸት ይድናሉ። መውሊድ ደግሞ በጨረቃ አቆጣጠር የሚዞር በመሆኑ በእነዚህ ዓመታት ከክረምቱ መውጫ ጋር ገጥሟል፤ በ2017 ዓ.ም. በነሐሴ መጨረሻ ነበር የዋለው። በድቤ የታጀበ የወሎ መንዙማ ለማድመጥ እስከ ጀማ ንጉሥ መሄድ የማይችል የደሴ ሰው ብዙ ነው፤ የመንዙማ አዋቂዎች ሥርዓቱን ጠብቀው፣ እነሱ በሚፈቅዱት መንገድ ከተማዋ መሃል ቢሰሙ ክርስቲያኑም ጎረቤታቸው ከእነሱ ጋር ይቀመጣል።

የዚህ ሁሉ መሠረት ግን ቅኝቱ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ለኔ የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራቱ ዋና ቅኝቶች ናቸው፤ አራቱንም የወሎ ቅኝቶች ብለው የሚጠሯቸው ብዙዎች ናቸው፣ የሁለቱ ስም ደግሞ በቀጥታ የአገራችን ስም ነው። አንዱ ሰኞ ሰኞ ገበያዋ ከሚደምቀው ከባቲ፣ ሌላው ከሐይቅ ወዲያ ካለው ከአምባሰል ነው። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ የሚለያዩት በድምፆቹ መካከል ባለው ርቀት ነው፤ ያን ርቀት ልጅ የሚማረው በቃል ማብራሪያ ሳይሆን ክራሩን ከሚቃኝ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ነው። ዛሬ ልጆቻችን ዘፈኖቹን ከስልካቸው በቃላቸው ይዘዋል፤ ክራር ሰጥታችሁ ከአምባሰል ወደ ባቲ አዙሩት ብትሏቸው ግን የትኛው ክር እንደሚጠብቅና የትኛው እንደሚላላ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ያፈራው የላሊበላ የኪነት ቡድን ከዚህችው ከተማ የወጣ ነው። ተጫዋቾች ተሰብስበው አብረው ሲለማመዱ፣ አንዱ ከሌላው ሲቀበል ምን እንደሚወጣ ከዚያ ቡድን በላይ ምስክር አያስፈልገንም። ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በዚህ ወቅት፣ ያ አዳራሽ ጠዋት ጠዋት ለክራርና ለማሲንቆ ተማሪዎች ቢሆን፣ ሥራ ፈትተው የተቀመጡት ተጫዋቾች አስተማሪ ሆነው ቢከፈላቸው፣ ሙያውም ባለሙያውም በአንድ ወጪ ይጠበቁ ነበር። ቅኝት መማር የሚፈልግ የደሴ ልጅ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አይኖርበትም።

ሥዕል የሚሥሉ፣ ስፌት የሚሰፉ፣ ጀበና የሚሠሩና ጋቢ የሚሸምኑ ሰዎችም በዚያ አዳራሽ ግድግዳና ማዕዘን ቦታ ሊያገኙ ይገባል፤ ስለ እነሱ ግን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ስለማይጠፋ ለዚያ ሰው እተወዋለሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ የምግብ ቤትና የሆቴል ባለቤቶች ሆይ፣ አሁን የምናገረው ከእናንተ ጋር ነው። ከጠዋት እስከ ማታ በድምፅ ማጉያ የምናሰማው የተቀዳ ሙዚቃ ነጻ ነው ብለን አስበን ይሆናል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና እሱን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 872/2007 ግን በንግድ ቤት ለሕዝብ የሚሰማ ሙዚቃ ባለመብት እንዳለው ይናገራሉ። ከሕጉም ሌላ፣ የምናሰማው ድምፅ የከበደ ስለሆነ ደንበኛው ከጎኑ ካለው ሰው ጋር መነጋገር አቅቶት ቶሎ በልቶ ይወጣል። በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ማጉያውን ዘግተን አንድ ማሲንቆ ወይም አንድ ክራር ብናስገባ ደንበኛ እንደማይሸሸን እኔ አይቻለሁ። ነገር ግን «ሽልማት ያገኛል» ብለን የምንጠራው ከሆነ ቅር እንዳይላችሁ፣ የሰው ጉልበት በነጻ እየወሰድን ነው። ሽልማት የአድማጭ ስጦታ ነው፤ ደመወዝ ደግሞ የጠራው ሰው ዕዳ ነው። ለአስተናጋጅ ጉርሻ ታገኛለህና ደመወዝ አልከፍልህም ብንል ማን ይሠራልናል? ክረምት ገበያ እንደሚቀዘቅዝ አውቃለሁ፣ የዘይትና የጤፍ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰም ከእናንተ እኩል እከፍላለሁ። ቢሆንም ሦስት አራት ቤቶች ተስማምተን አንድ ተጫዋች በየተራ ብንጋራ ለአንዳችንም የሚከብድ ወጪ አይሆንም፤ ተጫዋቹም በሳምንት ሦስትና አራት የሥራ ቀን ያገኛል።

ክቡራን የመምሪያው ኃላፊዎች፣ የጸጥታው ሁኔታና የበጀቱ እጥረት እጃችሁን እንደያዘው ስለምረዳ ትልቅ ፌስቲቫል አልጠየቅሁም። የውል ቅጹና የባለሙያዎች መዝገብ እስከ ሰኔ መጨረሻ እንዲዘጋጅ፣ አንድ አዳራሽ ለሐምሌ፣ ለነሐሴና ለጳጉሜን ቅዳሜዎች እንዲፈቀድ፣ በዚያ የሚጫወቱ ሰዎች ስም በአዳራሹ በር ላይ እንዲለጠፍ ብቻ እጠይቃለሁ። ስሙን አጥብቄ የምለው ለምንድን ነው ቢባል፣ ለ19 ዓመት ባለፍኩባቸው ዝግጅቶች ሁሉ የክብር እንግዶች ስም ሲነበብ ሰምቻለሁ፣ «የባህል ቡድን» ከመባል ያለፈ የተጫዋች ስም ግን ከስንት አንዴ ነው የሰማሁት።

እኔ በበኩሌ መልሳችሁን ሳልጠብቅ የምጀምረው አለኝ። ከሐምሌ የመጀመሪያ ቅዳሜ አንስቶ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ቤቴ ውስጥ ማሲንቆ ይኖራል፤ ክፍያው ከጋሼ ጋር ተነጋግረን የተስማማንበት ነው፣ በወረቀት ጽፈን ሁለታችንም ፈርመንበታል፣ የሚከፈለውም ጨዋታው ባለቀበት ሰዓት ነው። አድማጭ የሚሰጠው ሽልማት ሙሉ በሙሉ የእሳቸው ነው። በፍልሰታ ሁለት ሳምንት ማሲንቆው ያርፋል፣ ክፍያው ግን አይቋረጥም፤ በእነዚያ ቀናት ጋሼ ለሰፈሩ ልጆች ቅኝት ያስተምራሉ። ውላችንን ማየት የሚፈልግ የመምሪያው ባለሙያ ወይም የምግብ ቤት ባለቤት መጥቶ ሊገለብጠው ይችላል፤ ማንደጃው አጠገብም ለእሱ የሚሆን በርጩማ አይጠፋም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

በሰኞ ገበያ አካባቢ ምግብ ቤት የምታስተዳድር የደሴ ነዋሪ